ከጠይብ እስከ ተያዥ፦ ሥራና ትውልድ በኢትዮጵያ

«ጠይብ» እና «ጠቢብ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። አንዱ ሰሎሞንን ለማወደስ ዋለ። ሌላው ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ አገር ያበላውን ሰው ለመስደብ። ከአንድ ሥር ወጥተው እንዴት ይህን ያህል እንደተራራቁ ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አይበቃም፤ ሥራና ትውልድ በዚህ አገር እንዴት እንደተጋቡ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ርስት ያለውና እጅ ያለው (እስከ 1847)

በደጋው አገር የሰው ክብር የሚለካው በመሬት ነበር። ባለርስቱ ገበሬ ግብር ቢበዛበትም፣ ወታደር ቤቱ ገብቶ ቢያድርበትም፣ አባቱንና ቅድመ አያቱን ቆጥሮ ሸንጎ ላይ የሚከራከር ሰው ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል መልስ አለው። ርስት የሌለው ግን ያለው እጁ ብቻ ነው፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፣ ቆዳ ይፍቃል፣ ሸክላ ይሠራል። የእጅ ሥራ ነውር የሆነው ሥራው ስለሚያቆሽሽ ብቻ አይመስለኝም። ማረስም ያቆሽሻል። ነውሩ የመጣው የእጅ ሥራ መሬት የማጣት ምልክት ስለነበረ ነው።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነገሡት አፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማወጃቸውን ትውፊቱ ይናገራል። «ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚሁ መፍለስ ጋር ይያያዛል። ከርስት የተነቀለው ሕዝብ የሚኖርበት መላ አላጣም። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ጎንደር ከ1628 ገደማ ጀምሮ የነገሥታት ከተማ ስትሆን ግንቦቹን ካቆሙት እጆች መካከል የእነሱም እጅ እንዳለበት ይነገራል። ርስት የተከለከሉ ሙስሊሞችም በተመሳሳይ መንገድ ወደ ንግድና ወደ ሽመና ዞሩ።

ወደ ደቡብ ብንወርድም ነገሩ መልኩን ቀይሮ ይጠብቀናል። በጉራጌ የቤቱን እንጨት ሥራ የሚሠራው ፉጋ፣ በሠራው ቤት ውስጥ ከባለቤቱ ጋር እኩል ተቀምጦ አይበላም ነበር። በካፋ ማንጆው ከሰልና እንጨት ያቀርብ ነበር፣ ከደጅ ግን አያልፍም ነበር። ሃይማኖቱም ቋንቋውም ከሰሜኑ የተለየ ነው። መሬትና እጅ የተለያዩበት መስመር ግን ያው ነው።

ለዚህ ሁሉ ማጠንከሪያ የሆነው ፍርሃት ነው። አፈርን በእሳት ወደ ብረት የሚለውጥ ሰው ሌላም ነገር ይችላል ተባለ። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል። ገበሬው የዶለዶመ ማረሻውን ይዞ ይመጣል፣ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እህሉን ሰፍሮ ይከፍላል፤ በቀጥቃጩ ዋንጫ ግን ውኃ አይጠጣም። አንዱ ያለ ሌላው አንድ ክረምት አይገፋም፤ ማዕዳቸው ግን አይገናኝም።

የኮሶ ሻጭ ልጅ (1847–1860)

አፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዘውድ ሲጭኑ በዘመነ መሳፍንት የኖረው ባላባት ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስድብ ነበር፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ»። እናታቸው በችግር ዘመን ኮሶ ሸጠው ነበር መባሉን ጠላቶቻቸው ደጋግመው ተናገሩት። ስድቡ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የእናትን ሥራ በማንሣት የልጅን ዙፋን ማርከስ ይቻላል የሚል እምነት ነበረ።

ቴዎድሮስ ለስድቡ ሁለት መልስ ሰጡ፤ ሁለቱም እርስ በርስ አይስማሙም። በአንድ በኩል ትውልዳቸውን ወደ ሰሎሞን ቆጠሩ፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን አገር ሁሉ ስለሚያምን እሳቸውም በዚያው ሜዳ ተጫወቱ። በሌላ በኩል ግን ከእሳቸው በፊት የነበሩ ነገሥታት ያላደረጉትን አደረጉ፤ እጃቸውን አቆሸሹ። መድፎቻቸውን ወደ መቅደላ ለማሻገር መንገድ ሲቀደድ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡና አፈር ሲደለድሉ መዋላቸውን ያዩ አውሮፓውያን ጽፈውታል።

ጋፋት ላይ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የነበሩ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አስገደዷቸው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ወጣ። ባለሙያዎቹ ተሸለሙ፣ ስማቸውም በታሪክ ቀረ። ከእነሱ ጋር ወናፍ ሲነፋና ከሰል ሲያቀብል የዋለው ያገር ልጅ ስም ግን አልተጻፈም። የፈረንጅ እጅ ሲሠራ ጥበብ፣ የአገሬው እጅ ሲሠራ ጥንቆላ የሚባልበት ልማድ በቴዎድሮስ ዘመንም አልተሰበረም። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ሲወድቅ ሙከራው አብሮ ወደቀ።

አዋጁ (1900)

ጥቅምት 1900 አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የጦር ሚኒስትርነቱን የያዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ (አባ መላ) ነበሩ። አባ መላ በልጅነታቸው ከጨቦ በጦርነት የተማረኩ ናቸው፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ አድገው፣ በብልሃታቸውና በጦር ሜዳ ሥራቸው ወጥተው፣ የትልልቅ ባላባት ልጆች የሚፈሯቸው ሰው ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በተመሳሳይ መንገድ ከምርኮ ተነሥተው ለደጃዝማችነት በቅተዋል። ቤተ መንግሥቱ ከታች የመጣን ሰው ያነሣ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን የተነሡት በጦርና በምክር ነው። ብረት በመቀጥቀጥ የተነሣ አልነበረም።

ሚኒስትሮቹ በተሾሙበት በዚያው ዓመት፣ በጥር፣ ምኒልክ እስከ ዛሬ ሲነገር የሚያስደንቅ አዋጅ አወጁ። ሕዝቡን በግልጽ ይወቅሳሉ፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ ትሰድባላችሁ ይላሉ። ስድቦቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ንጉሥ በአዋጅ ማንበቡ ብቻውን ታሪክ ነው። ክርክራቸው ደግሞ በሃይማኖት ይጀምራል፤ ሁላችን የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን፣ ትውልድ ከዚያ ወዲህ አይለያይም። ከዚያ ወደ ቅናት ይሄዳል፤ በውጭ አገር እንዲህ ያለው ሠራተኛ «መሐንዲስ» እየተባለ ሲከበር እኛ ብልሁን እየሰደብን አገራችንን አደኸየን። መጨረሻው ማስፈራሪያ ነው፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን ሰደበ፣ ደግሞ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል።

ምኒልክን ወደዚህ ያደረሳቸው ደግነት ብቻ አልነበረም። ከዓድዋ ወዲህ አገሪቱ ባቡር፣ ስልክ፣ የውኃ ቧንቧና ማተሚያ ትፈልጋለች። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ገብቷል። ሠራተኛው ግን የውጭ ሰው ነው፤ ግሪክ፣ አርመን፣ ሕንድ፣ ዓረብ። የአገሬው ልጅ ብሎን ከመፍታት ጦር መስበቅን መረጠ፤ ምክንያቱም ብሎን የፈታ ቀን «የማን ልጅ ነው?» ይባላል። ራሳቸው ንጉሡ እጃቸውን ከመሣሪያ የማያርቁ፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ፈታትተው ካላዩ የማይተኙ ሰው ስለነበሩ ነገሩ ያናድዳቸው እንደነበር መገመት አይከብድም።

አዋጁ ስድብን ከለከለ። ርስትን ግን ለጠይቡ አልሰጠም። በሚቀጥለው ዓመት በ1901 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም የሞላው በመኳንንት ልጆች ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ ወናፉ አጠገብ ቀረ። የስድቡ መነሻ መሬት እንደሆነ ካየን፣ መሬቱን ሳይነኩ ስድቡን መንቀል ለምን እንዳልተቻለ ግልጽ ነው።

ባሪያና አሽከር (1916–1934)

ከቀጥቃጩ በታች ሌላ ሰው ነበር። ትውልዱ ጭራሽ የማይጠየቅ፤ ባሪያው። ውኃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨው፣ እንጨት የሚለቅመው ክንድ በብዙ ትልልቅ ቤቶች የባሪያ ክንድ ነበር። ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ያወጣው የውጭ ፖለቲካ ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንድታስቀር ግዴታ ገባች። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ ነፃ ስለ ማውጣት ደንብ አወጡ። ፍጹም የሚሽረው አዋጅ የመጣው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነሐሴ 1934 ነው።

ነፃ የወጣው ሰው የት ሄደ? ብዙው ከዚያው ቤት ሳይወጣ ስሙ ተለወጠ። ባሪያ የነበረው አሽከር፣ ገረድ፣ ሞግዚት ተባለ። ሥራው ያው፣ የሚተኛበት ጓዳ ያው፣ ደመወዙ ልብስና ቀለብ። የዛሬውን የቤት ሠራተኛ ኑሮ መረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ሥራው የወረሰው ስም ከሥራው ይከብዳል።

ጃንሆይ የሠሯቸው ሰዎች (1933–1966)

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ከመሳፍንቱ ይልቅ ዘር የማይቆጥሩ ሰዎችን ወደ ሥልጣን አቀረቡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የባላባት ልጅ የራሱ አገርና የራሱ ሰው አለው፤ የደሃ ልጅ ያለው ጃንሆይ ብቻ ነው። ከዝቅተኛ ቤት የተነሡት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ አሥራ አራት ዓመት ያህል ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ሆኑ። በ1947 ጃንሆይ ሲያዞሩባቸው ደግሞ አርሲን እንዲገዙ ተላኩ፤ በቃ። የሚከራከርላቸው ዘመድ፣ የሚሸሹበት ርስት፣ የሚያስፈራ ጭፍራ አልነበረም። የቤተ ክህነት ሰው የነበሩት የአለቃ ሀብተ ወልድ ልጅ አክሊሉ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ወጡ። ትምህርት ለደሃ ልጅ በር ከፈተ፤ በሩን የሚዘጋው ግን አሁንም ባለቤቱ ነው።

ይህን የእውቀትና የትውልድ ግጭት በአንድ ቤት ውስጥ አጥምዶ ያሳየን ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው በሥራ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር። አንባቢው የሚያስታውሰው ፍቅሩን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሥራው ነው። እውቀት ያለው መምህር፣ ለእውቀቱ ተፈልጎ በገባበት ቤት፣ ከትውልዱ በላይ ለማየት ዓይኑን ያነሣ ቀን ጠላት ይሆናል።

በዚሁ በጃንሆይ ዘመን ሌላ ዓይነት ሠራተኛ እየተፈጠረ ነበር። ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ተቀመጡ፤ ወይዛዝርቱ በጥምቀት የሚያደምቁትን ጥበብ እየሠሩ «ዶርዜ» ተብለው ተሰደቡ። በ1946 ማምረት በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከከምባታና ከሃዲያ የመጡ ወጣቶች ሸንኮራ ይቆርጣሉ። የሆላንድ አስተዳዳሪዎቹ በዛፍ በተከበበ ቪላ፣ ሠራተኛው በካምፕ። አለቃህ የሚያውቅህ በቁጥር ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅህም። ይህ ውርደት ነው ወይስ ነፃነት? ለብዙዎቹ ሁለቱም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የባለርስት ልጅና የፉጋ ልጅ አንድ ሰልፍ ላይ ቆሙ፤ ማኅበር የማቋቋም ሐሳብም ከዚያ ወጣ። በ1955 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ።

የ1950ዎቹ የሠራተኛ ሕግ ግን አንድ በር ዘግቶ ወጣ፤ የቤት አገልጋዩን አላስገባም። ለእሱ የቀረለት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አብሮት የሚኖር ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለጤናውና ለሥነ ምግባሩ ይጠንቀቅ የሚሉ ጥቂት አንቀጾች። ቃሉ የአባት ቃል ነው። የሥራ ሰዓት የለበትም።

«መደብህ ምንድን ነው?» (1966–1983)

የካቲት 28 ቀን 1966 ኮንፌዴሬሽኑ የጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን ለአራት ቀናት አቆማት። ከዚያ ወዲህ አድማ ያላደረገ አልነበረም፤ የአጥቢያ ካህናት ሳይቀሩ ደመወዝ ይጨመር ብለው ወጡ። «የማን ልጅ ነህ?» በሌላ ጥያቄ ተተካ፤ መደብህ ምንድን ነው? ወዛደር፣ ላብ አደር፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አድኃሪ የሚሉ ቃላት ትላንት ባልነበሩበት አፍ ሁሉ ገቡ። አያቱን እስከ ራስ እገሌ ይቆጥር የነበረ ሰው በአንድ ክረምት ጭሰኛ አያት ፍለጋ ጀመረ። የሚያሳዝነው ጨዋታው አለመለወጡ ነው፤ አሁንም ሰው የሚመዘነው በወላጁ ነው፣ ሚዛኑ ብቻ ተገለበጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው 60 ሰዎች መካከል አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። የካህን ልጅ ከመሳፍንት ጋር በአንድ ጉድጓድ።

የዘመኑ ትልቁ ሥራ ግን ያለ ጥርጥር የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ርስት የሚባለውን ነገር ከሥሩ ነቀለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ፉጋውና ማንጆው እንደማንኛውም ገበሬ መሬት ሊያገኙ የሚችሉበት ሕግ ወጣ። ምኒልክ በቃል የሞከሩትን ይህ አዋጅ በአፈር ሞከረው። ለውጡ በብዙ ቦታ እውነተኛ ነበር። የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ አብረው ተቀመጡ፤ ሰርግ ላይ ግን አልተጠራሩም። መሬት በአዋጅ ይደለደላል፣ ማዕድ አይደለደልም።

ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ማዕዱ እስኪደለደል አልጠበቁም። በ1977 በሱዳን በኩል፣ በ1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ለዘመናት የተሰደቡበት ቀጥቃጭነትና ሸክላ እዚያ የቅርስ ዕቃ ሆነ። ከእነሱ ብዙዎቹ ግን ሥራ ሲፈልጉ የተከፈተላቸው የጽዳትና የጥበቃ በር ነበር።

ከተማ ውስጥ «ገረድ» የሚለው ቃል ከአደባባይ እየራቀ «የቤት ሠራተኛ» እየተባለ መጣ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻና የማታ ትምህርት ብዙ ልጃገረዶችን ደብተር አስያዘ። ማታ ከትምህርት ስትመለስ ግን ድስቱ ይጠብቃታል፤ «እትዬ» እና «ጋሼ» ብላ የምትጠራቸው ሰዎች እሷን የሚጠሩት በስሟ ብቻ ነው።

ተያዥ (1983–2011)

ደርግ ወድቆ ገበያ ሲከፈት «መደብ» የሚለው ቃል ከአፍ ወጣ፤ ነገሩ ቀረ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ቆም ብሎ ያነበበ ሰው የመጨረሻውን መስመር ያውቀዋል፤ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል»። ጥበቃ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሹፌር፣ የቤት ሠራተኛ፤ ሁሉም የሚፈርምለት ደመወዝተኛ ሰው ይፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ተያዡ ቤቱ ውስጥ አለ፤ አባቱን ምሳ ላይ ይጠይቃል። ከገጠር ትላንት የገባው ልጅ ግን ተመርቆም ቢሆን የሚፈርምለት ዘመድ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይንከራተታል፣ ወይም ለደላላ ይከፍላል። እኔ ይህን ወረቀት ባየሁ ቁጥር የሸንጎው ጥያቄ ይሰማኛል፤ የማን ልጅ ነህ?

የግል ትምህርት ቤቶች ተመልሰው ሲስፋፉ ሌላ መለያ ተጨመረ፤ እንግሊዝኛ። ዩኒቨርሲቲዎች ከተበራከቱ በኋላ ዲግሪው አንድ ዓይነት ሆነ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን አንደበት ወላጅን ያጋልጣል። መንግሥት ተመራቂውን ወደ ኮብልስቶን ሲልክ የመጣው ቀልድና እንባ የምኒልክን አዋጅ ያስታውሳል፤ ድንጋይ መጥረብ ያሳፈረው አድካሚ ስለሆነ አልነበረም።

ያው ሰው ግን ባሕር ሲሻገር ያፈረበትን ሥራ ይሠራል። ዋሽንግተን ታክሲ የነዱ የቀድሞ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ የመኪና ማቆሚያ የጠበቁ መምህራን ነበሩ። እዚያ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ሰው የለም ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ ዓረብ አገር የሄዱት እህቶቻችን ዕድል ግን ሌላ ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች፤ በ2008 የወጣው አዋጅ ደግሞ ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅ አለባት አለ። ለገጠር ደሃ ልጅ ይህ ደረጃ ራሱ አጥር ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ስፌት ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር አካባቢ አደረገው። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው ሄዱ። የወንጂ ልጅ በማኅበር ያገኘውን እነዚህ ያን ጊዜ ገና አላገኙትም ነበር።

የቤት ሠራተኛዋስ? የ1985 የሠራተኛ አዋጅ አላካተታትም። የ1996ቱም አላካተታትም፤ ነገር ግን የሥራ ሁኔታዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ ጻፈ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ እሷ ሲደርስ እንደገና እንዲሁ አለ፤ ደንብ ይወጣል።